ሞዲፋይ ለተደረገ መኪና የትኛው መድን ያዋጣል?

ሞተሩ የተነካ ፈጣን መኪና ያላቸው ሰዎች ውላቸውን ሊያድሱ ሲሄዱ አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፍሉት ገንዘብ፣ ያስደነግጣቸዋል። አንዱ ምክንያት የመኪና ዋጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መኪና ውስጥ የሚገቡት የኤሌክትሮኒክስ ቺፖች እጥረት ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው። የዛሬ መኪና ደግሞ ከፊት መስታወቱ ጀርባ ካሜራ፣ ፓራውልቱ ውስጥ ራዳር ይዟል። ትንሽ ግጭት እንኳ እነዚህን ሴንሰሮች እንደገና ማስተካከል ሊጠይቅ ይችላል። ሞዲፋይ ሲደረግ ይብሳል፤ ዕቃው በትዕዛዝ ነው የሚመጣው፣ ሌባም ዓይኑን ይጥልበታል።

ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ማንኛውንም መኪና የሚሸፍን መደበኛ መድን ሰጪ ነው። ሌላው እንዲህ ባሉ መኪኖች ላይ ብቻ የሚሠራ ልዩ መድን ሰጪ ነው። ብዙ ሰው የሁለቱን አረቦን አስተያይቶ ይወስናል። በዚህ አልስማማም። ቀድሞ መታየት ያለበት መኪናው ቢወድም እጃችሁ የሚገባው ገንዘብ ነው።

መኪናው 100 ያወጣል እንበል። እናንተ የ40 ማሻሻያ ጨምራችሁበታል። መደበኛው መድን ሰጪ ብዙ ጊዜ የሚያየው ያው ሞዴል ከፋብሪካ እንደወጣ ዛሬ ገበያ ላይ ስንት እንደሚያወጣ ነው። 90 ሊላችሁ ይችላል። ያቺ 40 የለችም። ልዩው ግን ፎቶና ደረሰኝ አይቶ፣ ለምሳሌ በ125 ተስማምታችሁ ውሉ ላይ ይጻፋል። መኪናው ሲወድም ኤክሰሱ፣ ማለትም ከጉዳቱ እናንተ የምትሸከሙት ድርሻ፣ ተቀንሶ ያው 125 ይከፈላል። ዕቃ በጨመራችሁ ቁጥር ግን ዋጋው መታደስ አለበት።

ማሻሻያችሁ ቸርኬና ማርሚታ ብቻ ከሆነ መደበኛው ይበቃችኋል፤ አሳውቃችሁ ብቻ ግቡ። ሞተር፣ ቱርቦ ወይም ፍሬን ከተነካ ግን እኔ ወደ ልዩው ነው የምልካችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም የቀየሩ ሰዎች "አይታይም" ብለው ሳይናገሩ ይቀራሉ። ቱርቦ ባለው የቤንዚን ሞተር ላይ ይህ ሥራ ጉልበቱን ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊጨምር ይችላል። አደጋ ሲደርስ መርማሪው መሪው ሥር ካለችው ሶኬት ላይ ገመድ ይሰካና ፕሮግራሙን ከፋብሪካው ጋር ያመሳክራል። ልዩነት ካገኘ ካሳው ሊከለከል፣ ውሉም ሊፈርስ ይችላል። ስንት ዓመት የከፈላችሁት አረቦን ያኔ አያድናችሁም። መደበኛም ሆነ ልዩ፣ ሁሉንም ተናገሩ።

ልዩው የራሱ ጣጣ አለው። በዓመት የምትነዱት ኪሎ ሜትር ይገደባል። መኪናው ማታ ጋራዥ እንዲያድር፣ መከታተያ እንዲገጠምለት፣ አንዳንዴም ለዕለት ሥራ ሌላ መኪና እንዲኖራችሁ ይጠየቃል። በየቀኑ ሥራ የምትሄዱበት ከሆነ ላይመቻችሁ ይችላል። በሌላ በኩል ገደቡ ራሱ አረቦኑን ስለሚያወርደው፣ ከመደበኛው ረክሶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የውድድር ሜዳ ላይ መንዳትን ግን ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍኑም፤ ለእሱ የተለየ ሽፋን ይገዛል።

መኪናውን ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ሌላም አማራጭ አለ። ከፋብሪካ ፈጣን ሆኖ የወጣውን ሞዴል መግዛት ነው። ጉልበቱም የጥገና ዋጋውም ስለሚታወቅ፣ መድን ሰጪው ዋጋ ለማውጣት አይቸገርም። ሌላ ሰው ሞዲፋይ ያደረገውን ከመረጣችሁ ግን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የተሠራውን ሁሉ ከነደረሰኙ ተቀበሉና ከሁለቱም መድን ሰጪዎች የጽሑፍ ዋጋ ጠይቁ።