እከክ ለገባበት ቤት የላውንደሪ አገልግሎት ምን ያህል ይጠቅማል?

ቤተሰባችን በእከክ በተያዘ ጊዜ ሐኪሙ 5 በመቶ የፐርሜትሪን ቅባት አዘውልን፣ ቅባቱን በተቀባንበት ቀን አንሶላውና ብርድ ልብሱ ሁሉ በሙቅ ውኃ እንዲታጠብ አሳሰቡን። ያን ሁሉ ልብስ ውኃ እያፈሉ በእጅ ማጠብ ስለሚከብድ፣ አዲስ አበባ በሰፈራችን ወደሚገኝ አንድ ላውንደሪ ወሰድነው።

የእከክ ተውሳክ ከሰው ገላ ከተለየ በኋላ የሚመገበው ስለማያገኝና ቶሎ ስለሚደርቅ፣ በተለመደው የክፍል ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ አይኖርም፤ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ካገኘው ደግሞ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ውኃው ሙቀት ነበር። ሠራተኛዋ ሳታመነታ ማሽኑ 60 ዲግሪ ላይ መሆኑን አሳየችኝ፤ ልብሳችንንም ከሌላ ደንበኛ ልብስ ሳትቀላቅል ለብቻው አጥባ በማድረቂያ ማሽን አደረቀችው። በዚህ በኩል አገልግሎቱ እንከን አልነበረውም፤ ብርድ ልብስ የሚያስከፍሉት በኪሎ ሳይሆን በቁጥር ስለሆነ ግን ሂሳቡ ከበድ ይላል።

ቅር ያሰኘኝ ሂሳብ ስንከፍል ያቀረቡልን የቤትና የፍራሽ ርጭት ነው። እከክ በዋነኛነት የሚተላለፈው ቆዳ ለቆዳ ረዘም ላለ ጊዜ በመነካካት ነው፤ በተለመደው እከክ አንድ ታማሚ በገላው ላይ የሚኖሩት ተውሳኮች ከ10 እስከ 15 ብቻ ስለሆኑ፣ ቤቱን በፀረ ተባይ መርጨት የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት አይደለም። ተውሳኩ በሺዎች የሚራባበትና ቆዳው ቅርፊት የሚያወጣበት ከባድ እከክ ሲሆን የቤቱ ጽዳት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እሱም ቢሆን በሐኪም ምክር እንጂ በላውንደሪ ማስታወቂያ የሚወሰን አይደለም።

ጥለት ያለውን ጋቢም በሙቅ ውኃ እናጥባለን ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ቀለሙ እንዳይለቅ ሰግቼ ከለከልኋቸው። እንዲህ ያለውን ልብስ በፌስታል አጥብቆ አስሮ ቢያንስ ለ3 ቀን ማስቀመጥ ያለ ምንም ወጪ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቅዝቃዜና እርጥበት የተውሳኩን ዕድሜ ስለሚያራዝሙ በክረምት አንድ ሳምንት ቢቆይ ይሻላል። ይህን ከባንኮኒው ጀርባ የሚነግር ሰው አለመኖሩ አይገርምም።

ለአንሶላና ለብርድ ልብስ ከሆነ ይህን ላውንደሪ ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ፤ ርጭቱን ግን አልገዛም። መድኃኒቱ በትክክል ሠርቶም ማሳከኩ እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፣ ልብሱ ታጥቦ ከተመለሰ በኋላ ገላው ቢያሳክክ አጣቢዎቹን መውቀስ ተገቢ አይሆንም።