ሁለቱ እሌኒዎች፦ የሮማዋ እና የሐዲያዋ

በመስቀል ሰሞን ስሟ ከሁሉም አፍ የማይጠፋው እሌኒ የቆስጠንጢኖስ እናት ናት። ባሏ ለሥልጣን ሲል ፈትቷት ሌላ አገባ፤ ያከበራት ልጇ ነው። ምስሏ ያለበት ገንዘብ ታትሞላታል። መስቀሉን አገኘች የሚለው ትውፊት ነው፤ በ326 እ.ኤ.አ. ገደማ ኢየሩሳሌም ሄዳ በቤተ ልሔምና በደብረ ዘይት ቤተ ክርስቲያን ማሠራቷ ግን በዘመኗ ተጽፏል።

እቴጌ እሌኒ ግን በልጅ የከበረች አይደለችም። ከሙስሊሙ የሐዲያ ገዥ ቤት ተወልዳ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት ሆነች። ባሏ በ1468 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላም ነገሥታት ሲፈራረቁ እርሷ ከቤተ መንግሥት አልወጣችም። በ1508 ሕፃኑ ልብነ ድንግል ሲነግሥ አገሪቱን በሞግዚትነት የመራችው እርሷ ናት። በዓመቱ ገደማ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ ወደ ፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ላከችው፦ እኛ ስንቅና ጦር፣ እናንተ መርከብ፣ ግብፅን በጋራ እንግጠም። ከደብዳቤው ጋር ከግማደ መስቀሉ እንጨት የተሠራ ትንሽ መስቀል ነበር፤ የመጀመሪያዋ እሌኒ ድካም እዚህም ደረሰ ማለት ነው።

በአርቆ አሳቢነት ከሆነ እኔ ለሐዲያዋ አደላለሁ። ማቴዎስ በመንገድ እንደ ሰላይ ተጠርጥሮ ተንገላታ፤ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። መልሱን ይዞ የመጣው ልዑክ በ1520 ምጽዋ ሲወርድ፣ ሥልጣኑ ከእርሷ ወደ ወጣቱ ንጉሥ ተሻግሮ ነበር።