ደብረ ብርሃን ላይ የፍለጋ ጨዋታ ልትገዙ ነው? በአጫዋች፣ በስልክ ወይስ በወረቀት

የመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞች ቀን ደርሷል። ወይም ተመራቂዎች ከመበታተናቸው በፊት አንድ ቀን አብረው መዋል ይፈልጋሉ። ወይም ትምህርት ተዘግቶ ዘመድ ከአዲስ አበባ መጥቷል። የበግ ጥብሱና ቢራው እንዳለ ሆኖ፣ ከዚያ በፊት ሰዉን የሚያነቃቃ ነገር ይፈለጋል። አሁን አሁን ቶሎ የሚነሳው ሐሳብ ትሬዠር ሀንት ነው። ከተማ ውስጥ ፍንጭ እየተከተሉ የተደበቀ ነገር መፈለግ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰዉ በቡድን ይከፈላል። የመጀመሪያው ፍንጭ ወደ አንድ ቦታ ይመራል፤ እዚያ ሌላ ፍንጭ ይገኛል። አንዳንዱ ጨዋታ ታሪክም አለው። ለምሳሌ የድርጅቱ ማኅተም ጠፋ ይባላል። ተጫዋቾች ከተማው ውስጥ የተቀመጡ «ተጠርጣሪዎችን» እያነጋገሩ ማን እንደወሰደው ይደርሱበታል።

ለገዢ የሚቀርቡት ምርጫዎች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንዱ አጫዋች ራሱ ተገኝቶ የሚመራው ነው። ሁለተኛው በስልክ አፕ የሚካሄደው ነው። ሦስተኛው በወረቀት ወይም በሳጥን ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ደብረ ብርሃን ላይ ገንዘባችሁ መሄድ ያለበት ፍንጩን ለሚጽፈው ሰው ነው። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው የጻፈው ፍንጭ በወረቀት ቢመጣም ያምራል። ከተማዋን የማያውቅ ሰው የጻፈው ግን በምርጥ አፕ ቢመጣም አይጥምም። ሦስቱን ሳነጻጽር መለኪያዬ ይኸው ነው።

ፍንጩ ከየት መጣ?

ብዙ አዘጋጆች አንድ ጊዜ የተሠራ ጨዋታ ይይዙና ከከተማ ከተማ ይዘውት ይዞራሉ። ይሄ በራሱ ክፋት የለውም። ችግሩ ለሌላ አገር ከተማ የተጻፈው ተተርጉሞ ሲመጣ ነው። «የቤት ቁጥር 14ን ፈልጉ»፣ «ከመንገዱ ስም ሦስተኛውን ፊደል ውሰዱ» የሚል ፍንጭ እዚህ ለማን ይሆናል? እኛ አገር ቦታ የሚነገረው «ከባንኩ ፊት ለፊት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን» እየተባለ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባጃጅ ይዞ የቤት ቁጥር የሚጠራ ሰው አላየሁም።

ሌላው ድክመት ጥያቄን እንደ ፍንጭ መሸጥ ነው። «ደብረ ብርሃንን የመሠረታት ንጉሥ ማን ነው?» ይባላል። አፄ ዘርአ ያዕቆብ መሆኑን የከተማው ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቀውም ስልኩን አውጥቶ ያገኘዋል። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ጥሩ ፍንጭ እግርን ያንቀሳቅሳል። ቦታው ላይ ደርሶ ካላዩ፣ ካልቆጠሩ ወይም ካልጠየቁ መልሱ አይገኝም።

እስቲ ይህን ተመልከቱ፦ «ራሱ ብርድ ላይ ቆሞ፣ አገር ያለብሳል።» መልሱ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ነው። አጭር ነው፣ ከተማዋንም ይመስላል። የአዲስ አበባ እንግዳ ትንሽ ያስባል፤ የከተማው ልጅ ደግሞ ፈገግ ብሎ ይነሳል። በሬሳ ወደሚባለው ወንዝ የሚያደርስም እንዲሁ ማዘጋጀት ይቻላል፦ «ሌት ተቀን ይሄዳል፣ ከሰፈሩ ግን አልወጣም።» እንዲህ ያለውን የሚጽፍ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት።

እንቆቅልሽ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» እየተባባለ ያላደገ የለም። መልሱ ያቃተው አገር ይሰጣል። ይህን ደንብ ጨዋታው ውስጥ ያስገባ አጫዋች እኔ ዘንድ ትልቅ ነጥብ ያገኛል። ፍንጩ ያቃተው ቡድን ከነጥቡ ቀንሶ «መንዝን ሰጠሁ» ይላል። አጫዋቹ «መንዝ ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ ይቀበላል፣ ወይም «አይበቃኝም፣ ቡልጋን ጨምር» ይላል። ቡድኑ መልሱን ሰምቶ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። ጨዋታው አልቆመም፣ ሰዉም ስቋል። አፕ ላይ ቅጣቱ ቁጥር ብቻ ነው፤ ነጥብ ይቀንስና ዝም።

ስለዚህ በዚህ መለኪያ አጫዋች ያለው ይበልጣል፤ አጫዋቹ የአካባቢው ሰው ከሆነ ወይም ቀደም ብሎ መጥቶ ከተማዋን በእግሩ ከዞረ ማለቴ ነው። የማኅተሙ ዓይነት የምስጢር ጨዋታ ከሆነማ ያለ ሰው አይሆንም። ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ከአዘጋጁ ጋር ተስማምታ ትቀመጣለች። ቡድኑ ደርሶ «ማኅተሙ የት ገባ?» ብሎ ቢጮህ አትመልስም። ቁጭ ብለው፣ ቡና አዝዘው፣ ሰላምታ ሰጥተው ሲጠይቋት ብቻ ከረከቦቱ ሥር የታጠፈች ወረቀት ታወጣለች። የሚቸኩለው ቡድን ሁሌም እዚህ ጋ ይሸነፋል። ይህን የሚተካ አፕ አላውቅም።

ስልኩ መቼ ያዋጣል?

የስልክ ፍለጋ የተጀመረበት ታሪክ ምርጫውን ለመረዳት ይጠቅማል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2000 መጀመሪያ ላይ በጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ያስገባ የነበረውን ስህተት አነሳ። በማግስቱ አንድ ሰው ኦሪገን ውስጥ ዕቃ ደብቆ የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ለሌሎች አሳወቀ። ጂኦካሺንግ የተባለው ጨዋታ የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ስልካችሁ በተራ ሜዳ ላይ ቦታን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ያሳያል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ለዚህ ትመቻለች፤ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ናት፣ ሰማዩም ክፍት ነው።

ግን ጂኦካሺንግን ለአንድ ቀን ዝግጅት አትግዙት። የሚደበቀው ዕቃ ከመታወጁ በፊት በፈቃደኛ ገምጋሚዎች ይታያል። ከሌላው ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት። የደበቀው ሰው ደግሞ በየጊዜው እየሄደ ሊጠብቀው ይገባል። ዓርብ ደብቆ ቅዳሜ ማጫወት አይሆንም። ለብቻው ወይም ከልጁ ጋር ቀስ ብሎ ለሚዞር ሰው ግን ጥሩ ነው። የአፑ ነፃው ዓይነት ለጀማሪ ይበቃል። ለተጨማሪው ከመክፈላችሁ በፊት ካርታውን ከፍታችሁ በአካባቢያችሁ የተደበቀ ነገር መኖሩን እዩ። ወፍ የለም ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

ለቡድን የሚሻለው እንደ አክሽንባውንድ ያለው አፕ ነው። አዘጋጁ ራሱ ቦታ፣ ጥያቄ፣ የፎቶ ሥራና ኪውአር ኮድ ያስገባል። ጥያቄውን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ትልቁ ጥቅሙ ጨዋታውን ቀድሞ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጫወት መቻሉ ነው። በክልላችን ዳታ ለወራት ጠፍቶ የቆየበትን ጊዜ የምናስታውስ ሰዎች ይህን ቀላል ነገር አንለውም። ጂፒኤስ ራሱ ዳታ አይፈልግም፤ ዳታ የሚፈልገው ካርታው ነው። ስለዚህ ሻጩን የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ኔትወርክ ቢጠፋ ጨዋታው ይቀጥላል?» ከተንተባተበ መልሱን አገኛችሁ።

ብዙዎች በቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ያጫውታሉ። ቡድኑ ቦታው ላይ ተነሥቶ ፎቶ ይልካል፤ አጫዋቹ ቀጣዩን ፍንጭ ይለቃል። ርካሽ ነው። ማን ቀድሞ እንደደረሰም ሰዓቱ ይመሰክራል፤ ክርክር የለም። ኔትወርክ ከተንቀራፈፈ ግን ፎቶው እየተሽከረከረ ሰው ቆሞ ይቀራል። በዚህ መንገድ የምትጫወቱ ከሆነ እያንዳንዱ ቡድን የታሸገ የመጠባበቂያ ፖስታ ይያዝ። ፓወር ባንክም አይረሳ፤ ብርድ ባትሪ ይበላል።

በስልክ የሚካሄድ ጨዋታ ሌላም ጣጣ አለው። ስድስት ሰው አንድ ስልክ ላይ ይሰበሰባል፣ አንዱ ይመራል፣ አምስቱ ይከተላሉ። የማትተዋወቁ ሠራተኞችን ለማቀራረብ ከሆነ የምትገዙት ይህን አስቡበት። አንድ ቡድን ከአራት እስከ አምስት ቢሆን ይመረጣል።

ወረቀትና ሳጥን

በሳጥን የሚሸጡት የምስጢር ጨዋታዎች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ስሞቹም ወንጀሉም የሌላ አገር ነው። ክረምት ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ቤት ውስጥ ለአራት ሰው ይሆናል። አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ ግን ለዚያው ሰው ሁለተኛ አያገለግልም። ለጎረቤት አውሱት።

የአካባቢው ሰው የሚያዘጋጀው ወረቀት ሌላ ነገር ነው። አሥር ፍንጭ፣ አሥር ፖስታ፣ የፖስታው መያዣ ላስቲክ፤ አለቀ። ከሁሉ ርካሹ ነው። ለትምህርት ቤትና ለሰፈር ልጆች ከዚህ የተሻለ አልመክርም።

አየሩ፣ ሰፈሩ፣ ፈቃዱ

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ አለ። «ጠዋት 1 ሰዓት እንጀምር» የሚል አዘጋጅ ከተማዋን አያውቃትም። ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከምሳ በፊት መጨረስ ይሻላል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የሚመጡ ሠራተኞች ካሉ ሩጫ ያለበትን ጨዋታ አትግዙላቸው፤ ጋቢያቸውን ይዘው በእርምጃ ይፈልጉ። ጨዋታው ሸዋ ሮቢት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይ ሳይከር በማለዳ ነው።

አንኮበርን የሚያስቡ አሉ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ለፍለጋ ያጓጓል። ዳገቱ ግን ዳገት ነው። እዚያ በስልክ ብቻ ሰው አትልቀቁ። አጫዋችና መኪና ያለው ይሁን።

ፈቃድን የሚመለከተው ዋናው ጉዳይ ነው፤ ሦስቱም ዓይነት ላይ ይሠራል። ሃያ ሰው ተሰብስቦ በየአጥሩ ሥር ሲያጎነብስና ፎቶ ሲያነሳ ያየ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። አዘጋጁ ለቀበሌውና ለሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ያሳውቅ፤ ኮፒው በእያንዳንዱ ቡድን እጅ ይሁን። ፋብሪካ፣ ባንክና መንግሥት መሥሪያ ቤት ፎቶ የሚነሳበት ቦታ አይሁን። የብርድ ልብሱ ፋብሪካ ፍንጭ ቢሆን እንኳ ማቆሚያው ከበሩ ራቅ ያለ ሱቅ ይሁን።

ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዕቃ አይደበቅም። የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የከተማዋ ታሪክ የሚጀምርበት ስለሆነ ፍንጭ ውስጥ መግባቱ ተገቢ ነው፤ ግን ከውጭ ሆኖ፣ በጸጥታ። ቀኑ ወር በገባ በ7 ከሆነ ያንን አቅጣጫ ጨርሶ ተዉት፤ ሰዉ ለበዓሉ የመጣበት ነው። እሑድም ቅዳሴ ሳይወጣ አይጀመር። ይህን ሳትነግሩት የሚነግራችሁ አጫዋች ሥራውን ያውቃል።

ብሩስ?

አጫዋች ያለው ውዱ ነው። አዘጋጁ ከአዲስ አበባ ከሆነ 130 ኪሎ ሜትር መንገዱን፣ አዳሩንና የረዳቶቹን አበል ትከፍላላችሁ። ፕሮፎርማው ላይ ዋጋው በሰው መሆኑን ወይም በጥቅል መሆኑን አጣሩ። በሰው ከሆነ ዝቅተኛው ቁጥር ስንት ነው? ሠላሳ ብላችሁ አሥራ ስምንት ብትመጡ ለስንት ትከፍላላችሁ? የውጭ አፖች የሚከፈልበት አገልግሎታቸው ብዙውን ጊዜ የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በብር የሚያስከፍል አዘጋጅ በኩል መሄድ ሊቀል ይችላል። አፑ በስልክ ብዛት የሚያስከፍል ከሆነ ደግሞ አንድ ቡድን በአንድ ስልክ ይበቃዋል።

ከሃያ ሰው በላይ ለሆነ የድርጅት ቡድን አጫዋች ያለውን ግዙ፤ ወጪው ቢሰማችሁም ግዙ። ለአሥራ አምስት ተመራቂዎች በስልክና በፖስታ የተቀላቀለው ይበቃል፤ ከመካከላቸው አንዱ የከተማው ልጅ ከሆነ ፍንጩን እሱ ይጻፈው። ለቤተሰብ ከሆነ ወረቀት። ከልጅ ጋር በእግር መዞር ለሚወድ ጂኦካሺንግ በነፃው።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሻጩን አንድ ናሙና ፍንጭ ጠይቁት፤ ለደብረ ብርሃን የተጻፈ። እዚሁ ከተማ ጠባሴ ሰፈር ላደገ አንድ የሥራ ባልደረባችሁ አንብቡለት። ቁጭ እንዳለ ሙሉ መልሱን ከሰጣችሁ ጥያቄ ነው እንጂ ፍንጭ አይደለም። ጨርሶ ካልገባው ደግሞ የተተረጎመ ነው። «እዚያ ሄጄ ልየው» ካለ ውሉን ጻፉ። ውሉ ውስጥ ዝናብ ቢዘንብ ወይም መንገድ ቢዘጋ ቀኑ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚቀየር ይግባበት፤ ለመሥሪያ ቤት ከሆነም ሕጋዊ ደረሰኝ እንደሚሰጥ።