የፎቶ ማመቂያ ፕሮግራማችንን ላስተካከለልን ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በፎቶግራፍ ሥራ የምትተዳደሩ ወገኖቼ፣ አንድ ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ ልጠቁማችሁ እወዳለሁ። ስሙ በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለ ጠየቀኝ አልጠቅሰውም፤ የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ አገናኘዋለሁ።

ስቱዲዮአችን የሠርግ ፎቶዎችን ለደንበኞች በቴሌግራም ከመላኩ በፊት መጠናቸውን የሚቀንስበት፣ ቀደም ሲል በትእዛዝ የተሠራ አነስተኛ ፕሮግራም አለው። ጥር ገብቶ ሥራ ሲደራረብ ፕሮግራሙ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች በፍጥነት ይጨርስና ጥቂት ቆይቶ መንቀራፈፍ ይጀምራል፤ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ራሱ ስታክ ያደርጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሙያ አጋሮቼ ታውቁታላችሁ። ያማከርናቸው ጥገና ቤቶች ሁሉ መልሳቸው «ራም ጨምሩ» (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበትን ጊዜያዊ ሜሞሪ ማለታቸው ነው) የሚል ነበር፤ አንደኛው እንዲያውም ኮምፒውተሩን ሳይከፍት ዋጋውን ነገረን።

ይህ ልጅ ግን ስለ ዕቃ ከማውራቱ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚይዘውን ሜሞሪ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፈተ፣ አንድ የሠርግ ፎልደር አስጀመረና ጣቱን ሜሞሪ በሚለው ዓምድ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ይቺን ቁጥር ብቻ ይዩልኝ» አለኝ። ቁጥሩ አንድ ፎቶ በተከፈተ ቁጥር 70 ሜጋባይት ያህል ይጨምራል፤ ፎቶው ታምቆ ከተቀመጠ በኋላ ግን ተመልሶ አይወርድም።

ዲስክ ላይ 10 ሜጋባይት የማይሞላ ጄፔግ የሚባል የታመቀ የፎቶ ፋይል ይህን ያህል ቦታ እንዴት እንደሚይዝ ስጠይቀው በወረቀት አስልቶ አሳየኝ። ፋይሉ የታመቀው ለማስቀመጥና ለመላክ ነው፤ ፕሮግራም ሊሠራበት ሲከፍተው እያንዳንዱ የምስል ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ይዞ ራም ላይ ይዘረጋል። የእኛ ካሜራ 6000 በ4000 ነጥብ ስለሚያነሳ 24 ሚሊዮኑ ነጥብ በሦስት ሲባዛ 72 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ፕሮግራሙ ደግሞ የጨረሰውን ምስል እንደያዘ ቀጣዩን ስለሚከፍት፣ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተራችን መቶ ፎቶ ሳያደርስ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ማዘዋወር ይይዛል፤ ዲስክ ከራም እጅግ የዘገየ በመሆኑም ሁሉ ነገር ይቆማል። «የበላው ሰው ሳይነሳ ሌላ ሲገባ ድንኳኑ ጠበበ፤ ድንኳን ቢጨምሩም ያው ነው» አለኝ። ራሙን በእጥፍ ብናሳድገው ኖሮ የምንቆመው ሁለት መቶኛው ፎቶ አካባቢ ነበር፤ አንድ ሠርግ ደግሞ ከዚያ በላይ ፎቶ አለው።

ስህተቱ የነበረው ኮዱ የተከፈቱትን ምስሎች በሙሉ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ይዞ በመቆየቱ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ተቀምጦ እንዳበቃ እንዲዘጋና ቦታውን እንዲለቅ አደረገው። በዚህ አላበቃም። ጄፔግ ምስልን 8 በ8 በሆኑ ጥቃቅን ካሬዎች ከፋፍሎ ስለሚያምቅ፣ ሲፈታም ከመጀመሪያው በግማሽ፣ በሩብ ወይም በስምንተኛ መጠን መፍታት ይቻላል። ለስልክ የሚላክ ፎቶ ሙሉ መጠን ስለማያስፈልገው በግማሽ እንዲፈታ አዘዘው፤ 3000 በ2000 ሆኖ የሚይዘው 18 ሚሊዮን ባይት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ የሚሠራቸውንም ምስሎች በሁለት ወሰናቸው።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ሌላው ግኝቱ ነበር። ለአልበም የምናዘጋጃቸው አንዳንድ ፎቶዎች ከሌሎቹ ይልቅ ሜሞሪ ይበሉ ነበር፤ ምክንያቱም ፕሮግሬሲቭ በሚባለው የጄፔግ ዓይነት የተቀመጡ ናቸው። ይህ ዓይነት የምስሉን መረጃ በየዙሩ እያጠራ ስለሚያመጣ፣ ፈቺው ዙሮቹ እስኪያልቁ የመላውን ምስል ቁጥሮች ይዞ መጠበቅ አለበት፤ ለ24 ሜጋፒክስል ፎቶ ይህ ብቻውን እስከ 144 ሚሊዮን ባይት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ለውስጥ ሥራችን በተለመደው ዓይነት እንድናስቀምጥ መክሮናል።

አሁን ሙሉ የሠርግ ፎልደር ሲሠራ የሜሞሪው ቁጥር ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አያድግም፤ ልጆቹም በዚያው ኮምፒውተር ላይ አልበም መሥራታቸውን አያቋርጡም። ያስከፈለን የሥራውን ብቻ ነው፤ ራም አልሸጠልንም። የድሮውን ኮድ በተለየ ፎልደር አስቀምጦ፣ የለወጠውን ሁሉ በአማርኛ ጽፎ ሰጥቶናል። ወንድሜ፣ ከልብ አመሰግንሃለሁ፤ ሥራህን ይባርክልህ።

እውነቱን ለመናገር ሥራ ላይ ሲሆን ስልክ አያነሳም፤ ነዋሪነቱ ኮምቦልቻ ስለሆነም ወደ ደሴ የሚወጣው ሥራ አሰባስቦ ነው። የምትጠሩት ከሆነ ያስቸገራችሁን ፎልደር እንዳለ አቆዩለት፤ ችግሩን በዓይኑ ሳያይ ዋጋ አይናገርም።