ቪኤስ ኮድ አመል ሲያወጣ

ቪኤስ ኮድ ስለተባለው የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም (ኤዲተር) ፍጥነትና ውበት የሚያወራ ሞልቷል። እኔ የማነሣው ሌላ ጉዳይ ነው። ትናንት ደህና ሲሠራ ያመሸ ኤዲተር ጠዋት ላይ አመል ሲያወጣ፣ ምን እንደነካው ለማወቅ ራሱ ምን ያህል ያግዛል? ቢሮ ውስጥ የልጆቹ ላፕቶፕ ግራ ሲያጋባ የሚመጣው ወደ እኔ ጠረጴዛ ስለሆነ፣ በዚህ በኩል ያለውን ጉዱን አውቀዋለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያስተዋወቀው ይህ ነፃ ኤዲተር፣ ጥፋተኛ ለማደን የሚሆኑ ግሩም መሣሪያዎች አሉት። ግን ተደብቀዋል። ለዓመታት የተጠቀመበት ሰው እንኳ ስማቸውን አያውቅም።

በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ የታብ፣ ማለትም መስመር ሲጀመር የሚተወው ክፍተት፣ ነው። «ታብ ሳይዝ 4 አድርጌያለሁ፤ እሱ ግን 2 ነው የሚለኝ።» ሴቲንጉን ስታዩት እውነትም 4 ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዲቴክት ኢንደንቴሽን የሚባል ሌላ ሴቲንግ አለ፤ በርቶ ነው የሚመጣው። ፋይል በተከፈተ ቁጥር ውስጡን አይቶ ይገምታል። በ2 ስፔስ የተጻፈ ከመሰለው የእናንተን 4 ትቶ በ2 ይቀጥላል። ታች በስተቀኝ በኩል «ስፔስስ፦ 2» የምትል ትንሽ ጽሑፍ አለች። ለተከፈተው ፋይል እውነቱን የምትነግራችሁ እሷ ናት። ስትጫኗት መቀየርም ይቻላል። እኔ ግምቱን አላጠፋውም። የሌላ ሰው ፕሮጀክት ውስጥ ገብቶ ለሚሠራ ሰው ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ከዚያ ከበድ የሚለው የሴቲንጉ ድርብርብ ነው። ከታች ኤዲተሩ ይዞት የሚመጣው አለ። በላዩ የተጠቃሚው ይመጣል። ከዚያ በላይ የዎርክስፔሱ፣ ማለትም ፕሮጀክቱ ውስጥ ባለው ዶት ቪኤስኮድ በሚባለው ፎልደር የተቀመጠው። የላዩ የታቹን ይሽራል። እስከዚህ ለማንም ይገባል። ነገር የሚበላሸው ለአንድ ቋንቋ ብቻ ተለይቶ የተጻፈ ሴቲንግ ሲኖር ነው። በግል ሴቲንጋችሁ ላይ «ለፓይተን ብቻ» ብላችሁ የጻፋችሁት፣ ፕሮጀክቱ በጥቅሉ ለሁሉም ካስቀመጠው ይበልጣል። አዎ፣ ከላይ ያለውን ከታች ያለው ያሸንፈዋል። ደንቡ በኤዲተሩ ሰነድ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ግን ማን ያነባል? ቡድኑ በሙሉ በአንድ ፎርማት ተስማምቶ፣ የሴቲንግ ፋይሉን ኮድ በሚጋራበት በጊት ውስጥ አስገብቶ፣ የአንድ ሰው ኮድ ብቻ ለየት ብሎ ከመጣ መጀመሪያ እዚህ ላይ ፈልጉ። የሴቲንግ መፈለጊያው ላይ የአት ምልክት አድርጋችሁ «ሞዲፋይድ» ብትሉት፣ የነካካችሁትን ሁሉ ለብቻው አውጥቶ ያሳያችኋል። ሰው የራሱን ዝርዝር ሲያይ «ይሄን ደግሞ መቼ ነው ያደረግኩት?» ማለቱ አይቀርም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። በቅርቡ አንዷ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፋ መጣች። «ጋሼ፣ ሴቭ ሳደርግ ኮዴን እየበላብኝ ነው!» አለች። እስቲ አሳዪኝ አልኳት። ፋይሉ አናት ላይ አንድ ኢምፖርት፣ ማለትም ሌላ ቦታ ያለ ኮድ የሚጠራ መስመር፣ ጻፈች። ኮንትሮል ኤስ። መስመሩ ጠፋ። እንደገና ጻፈች፤ እንደገና ጠፋ። ገና ያልተጠቀመችበትን ኢምፖርት አንድ ነገር እየጠራረገላት ነው። ኤክስቴንሽኖቿን፣ ማለትም ኤዲተሩ ላይ የተጫኑትን ተጨማሪ መሣሪያዎች፣ ስናይ ከ30 በላይ ናቸው። አንድ በአንድ እያጠፋን እንሞክር ብንል ምሳ ሰዓት ያልፋል።

ኮንትሮል ሺፍት ፒ ብለን «ስታርት ኤክስቴንሽን ባይሴክት» የሚለውን መረጥን። ኤዲተሩ የኤክስቴንሽኖቹን ግማሽ አጥፍቶ ራሱን እንደ አዲስ ከፈተ። ከዚያ ይጠይቃል፦ አሁን ደህና ነው ወይስ ችግሩ አለ? ሞክራ «አለ» አለችው። ከቀሩት ውስጥ ደግሞ ግማሹን አጠፋ። እንዲህ እያለ ክቡን ያጠብበዋል። 32 ኤክስቴንሽን ቢኖራችሁ በ5 ዙር ገደማ አንዱ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የጥፋተኛውን ስም ጠርቶ፣ እንደጠፋ ይቆይ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ስሙን ስታየው ልጅቷ አላወቀችውም። እሷ አልጫነችውም፤ የሌላ ኤክስቴንሽን ጥቅል ውስጥ ተካቶ የገባ ነው። ማታ ራሱን አፕዴት አድርጎ አዲስ ጠባይ ይዞ አድሯል። ማጥፋት አላስፈለገንም። ኤክስቴንሽኑ አጠገብ ያለችውን የጥርሳማ ጎማ ምልክት ተጭነን፣ የተለየ ቨርዥን ጫን የሚለውን መርጠን፣ ወደ ቀድሞው መለስነው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ባይሴክት የጠቆመው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ሴቭ ሲደረግ ኢምፖርቶችን አስተካክል የሚል ትእዛዝ ሴቲንጋችሁ ውስጥ ተጽፎ ከሆነ፣ ሥራውን የሚሠራው የቋንቋው ኤክስቴንሽን ስለሆነ ጣቱ እሱ ላይ ይቀሰራል። ያዘዘው ግን ሴቲንጉ ነው። ስለዚህ «ኮድ አክሽንስ ኦን ሴቭ» የሚለውን ሳታዩ ማንንም አትክሰሱ። በኮንትሮል ሺፍት ፒ የሚገኘው «ትራብልሹት ኢሹ» በዚህ ይሻላል። ባይሴክቱን ከጊዜያዊ ባዶ ፕሮፋይል (ለብቻው ከሚያዝ የሴቲንግና የኤክስቴንሽን ስብስብ) ጋር አጣምሮ፣ ችግሩ ከኤክስቴንሽን ነው፣ ከሴቲንግ ነው ወይስ ከራሱ ከኤዲተሩ የሚለውን ይለይላችኋል።

አንድ ቁልፍ አልሠራ ሲልም መላ አለ። የኪቦርድ ሾርትከት ትራብልሹቲንግን ስታበሩት፣ የተጫናችሁትን ቁልፍ በሙሉና የትኛው ትእዛዝ እንደተቀበለው እየመዘገበ ታች ያሳያችኋል። መልኩ አያምርም፤ ግን ይሠራል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ለብቻው የሚነሣ ነገር አለ። ከሌላ ቦታ ያመጣችሁትን ፕሮጀክት ስትከፍቱ ኤዲተሩ ባለቤቱን ታምናለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አላምንም ካላችሁ በተገደበ ሁኔታ ይከፍተዋል። ያን ጊዜ ኮዱ ውስጥ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ፣ «እንኳን ደህና መጡ» የምትለዋ ሳትቀር፣ ፊደል በፊደል በቢጫ ሳጥን ተከቦ ይመጣል። ልጆቹ ፎንት ተበላሸ ብለው ፎንት ሲቀያይሩ ይውላሉ። ፎንቱ ምንም አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የማይታዩና የሚያደናግሩ የዩኒኮድ ምልክቶችን ኮድ ውስጥ ደብቆ ሰው ማታለል እንደሚቻል ተመራማሪዎች አሳዩ። ቪኤስ ኮድም እንዲህ ያለውን ማቅለም ጀመረ። ባልታመነ ፕሮጀክት ውስጥ ደግሞ ከመሠረታዊው የእንግሊዝኛ ፊደል ውጪ ያለው ሁሉ ይቀለማል። ጥንቃቄው ትክክል ነው። ግን ሙሉ ፊደላችን ተጠርጣሪ ሆኖ ሲቆም ደስ አይልም። ሳጥኑ ላይ ማውስ ስታሳርፉ ከሚመጡት አማራጮች አንዱ፣ ያቺን አንዲት ፊደል ብቻ ነፃ አውጣ የሚል ነው። ከሀ እስከ ፖ ስንት ፊደል እንዳለን አስቡት! ፕሮጀክቱን ካመናችሁት እመኑት። ካላመናችሁት ከእንግሊዝኛ ውጪ ያሉትን ማቅለም በሙሉ አጥፉት የሚለውን ምረጡ።

አፕዴትን በተመለከተ አስተያየቴ አጭር ነው፦ በራሱ እንዲመጣ አትተዉት። አፕዴት ሞድን ማንዋል አድርጉ፤ የኤክስቴንሽኖቹን አውቶ አፕዴትም አጥፉ። የዳታ ጥቅል ገዝቶ ለሚሠራ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው፦ የለውጡን ቀን ራሳችሁ ስትመርጡት ምን እንደተቀየረ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የወጣውን 1.86 የተባለውን የቪኤስ ኮድ ቨርዥን ያስታወሰ ይስማማል። ከሩቅ የሚከፈት ሰርቨር ጂሊብሲ የሚባለው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ 2.28 ወይም ከዚያ በላይ እንዲኖረው ጠየቀ። ኡቡንቱ 18.04 እና ሴንትኦኤስ 7 የሚባሉ የቆዩ የሊኑክስ ዓይነቶች ያላቸው ሰርቨሮች ከዚያ በታች ናቸው። ብዙ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሰርቨሩ ውስጥ መግባት አቃተው። ጩኸቱ ሲበዛ በ1.86.1 ጊዜው ተራዘመላቸው። ኩባንያው ቶሎ ሰምቷል፤ ያም ሆኖ የሥራ ቀን የሚያስተጓጉል ለውጥ በቅድሚያ ጮክ ብሎ መነገር ነበረበት።

ለጀማሪም ለነባርም ይህን ኤዲተር እመክራለሁ። ኤክስቴንሽን ሲበዛ ግን የሚያስቸግረው ልክ እንደዚያው ነው። የፓይተኑን ከዌቡ ለይታችሁ በፕሮፋይል ያዙት፤ ፕሮፋይል እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አለ። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው። አሁን ለተከፈተው ለዚህ ፋይል እያንዳንዱ ሴቲንግ ዋጋው ስንት ነው፣ ከየትኛው ደርብስ መጣ የሚለውን በአንድ ገጽ ቢያሳየኝ፣ ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጣው ላፕቶፕ ግማሹ ባለቤቱ ጋ ይቀር ነበር።