የጨርቅ ከረጢት አትክልት፦ ከላይ ይጠጣ ወይስ ከሥር?

የጨርቅ ከረጢት በጎኑም ስለሚተነፍስ ከባልዲ ቶሎ ይደርቃል፤ በጎንደር ደረቅ ወራት ደግሞ ይብሳል። ኮምፖስት የበዛበት አፈር አንዴ ክው ካለ ውኃ አልቀበልም ይላል።

ከላይ፣ በማጠጫ
ለ20 ሊትር ከረጢት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይበቃል። ግማሹን በዝግታ አፍስሶ፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ ቀሪውን መጨመር ነው። በአንዴ ከተደፋ ውኃው በአፈሩና በጨርቁ መካከል ሾልኮ ይወርዳል። ከሥር ሲፈስ አይቶ «ጠግቧል» የሚል ብዙ ነው፤ መሃሉ ግን ደረቅ ነው! የፈሰሰውም የኮምፖስቱን ምግብ ይዞ ይሄዳል። ወጪ የለውም፣ ጊዜ ይበላል።

ከሥር፣ በሳፋ
ሳፋው ውስጥ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ውኃ፤ ጨርቁ ራሱ ይስባል። ከ30 ደቂቃ በኋላ የተረፈው ለሌላው ከረጢት ይተርፋል፤ ከረጢቱ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ እያደረ ከቆየ ግን ሥሩ ሊበሰብስ ይችላል። ሌላው ጉዳት ጨው ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ቅርፊት መሥራቱ ነው፤ ላይ የተነሰነሰ ኮምፖስትም ሳይረጥብ አይብላላም። ስለዚህ በየ2 ሳምንቱ አንዴ ከላይ ማጠጣት አይቀርም።

ለየትኛው የቱ?
ዘርና ለጋ ችግኝ፦ ከላይ፣ በስሱ።
ክው ያለ አፈር፣ ወይም ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት፦ ከሥር።
40 ሊትር ከረጢት፦ ከላይ፤ ረጥቦ ማን ያነሳዋል?
ሐምሌና ነሐሴ፦ ሳፋው ይነሳ፣ ከረጢቱ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። በበጋ ግን በሁለቱም መንገድ 4 ሳንቲ ሜትር የጤፍ ጭድ ይልበስ።