ፈረንሳይኛን በጆሮ ላስተማሩኝ፣ ከድሬዳዋ የተላከ ምስጋና

ሰላም ወገን። የዛሬው ጽሁፌ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ፈረንሳይኛን ከዜሮ ጀምሬ ዛሬ ከእንግዶቼ ጋር እያወራሁ እነዳለሁ። ለዚህ ያበቁኝ ሁለት ናቸው። አንዱ ላንጉዌጅ ትራንስፈር የሚባል ነፃ የድምጽ ትምህርት ነው። ሌላው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር የሚኖሩ አንድ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ አባባ ብቻ እላቸዋለሁ።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ከድሬዳዋ ሐረር ቱሪስት አመላልሳለሁ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ትወጣለህ፣ ሐረማያን ታልፋለህ፣ አወዳይ ላይ በጫት ገበያው መሀል ትንሽ ትጋፋለህ፣ ከዚያ ሐረር ነህ። ከእንግዶቼ መሀል ፈረንሳዮች ጥቂት አይደሉም። የሚያመጣቸው ጀጎል ነው፣ ጅቡ ነው፣ ከሁሉም በላይ ግን ራምቦ ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ከተወ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ገብቶ ቡናና ቆዳ ነግዷል። ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሙዚየም አለ። እሱን ሳያይ የሚመለስ ፈረንሳዊ አላጋጠመኝም።

እንግሊዝኛዬ ለሥራው አያንስም። ግን ሁለት ፈረንሳዮች ከኋላ ተቀምጠው ሲያወሩ፣ ስለ ተራራው ይሁን ስለ አነዳዴ አላውቅም ነበር። ይሄ ያናድዳል። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አይደፍሩም። ፈገግ ይላሉ፣ በእጅ ያሳያሉ፣ በቃ። ከሰው ጋር ቀኑን ሙሉ ውሎ እንዲህ መለያየት ደስ አይልም።

መጀመሪያ የያዝኩት አንድ ስመ ጥር የስልክ አፕ ነበር። ሥዕል ያሳይሃል፣ ቃል ትነካለህ፣ ደወል ይጮኻል፣ ነጥብ ይሰጥሃል። ጣቴ ፈረንሳይኛ ቻለ፣ አፌ ግን ዝም አለ። ትንሽ እንደቆየሁ ደግሞ ክፈል አለኝ። በዶላር፣ ያውም በካርድ። እዚህ አገር የሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዘጋሁት።

ላንጉዌጅ ትራንስፈርን የጠቆመኝ ሐረር የሚሠራ አስጎብኚ ጓደኛዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ነፃ ነው ሲለኝ ናቅኩት። ነፃ የሚባል ነገር ወይ ማስታወቂያ ይሞላበታል፣ ወይ መሀል ላይ ይቆረጣል። ይሄኛው ሁለቱም የለበትም። ያዘጋጀው ሚሃሊስ ኤሌፍቴሪዩ የሚባል መምህር ነው። ስፓኒሽ አለው፣ ግሪክኛ አለው፣ ዐረብኛ አለው፣ ስዋሂሊም ሳይቀር አለው። የፈረንሳይኛው መግቢያ ኮርስ 40 ገደማ አጫጭር ክፍሎች ያሉት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀረጻው ላይ መምህሩና አንድ ጀማሪ ተማሪ አሉ። መምህሩ ይጠይቃል። እናንተ ድምጹን ታቆማላችሁ። አስባችሁ፣ አፍ አውጥታችሁ ትመልሳላችሁ። ከዚያ ትለቁትና ተማሪው ምን እንዳለ ትሰማላችሁ። ተማሪው ይሳሳታል፣ ይንተባተባል፣ መምህሩ ሳይቆጣ ይመልሰዋል። ደብተር አያስፈልግም። ሽምደዳም የለም። እንዲያውም ለማስታወስ አትጨነቁ፣ ዝም ብላችሁ አስቡ ይላል። በሽምደዳ ላደግን ሰዎች ይሄ መጀመሪያ ላይ ቀልድ ይመስላል።

ግን ይሠራል። የሚሰጣችሁ ጥቂት ነገር ነው፤ እሱኑ እያገላበጣችሁ ብዙ እንድትናገሩበት ያደርጋል። ለምሳሌ «ዠ ቬ» ልሄድ ነው፣ ላደርግ ነው እንደ ማለት ነው። ከኋላው የፈለጋችሁትን ግሥ ስትቀጥሉ የወደፊቱን ጊዜ አገኛችሁ። በዚያው መንገድ «ዠ ፐ» ብላችሁ መቻልን፣ «ዠ ድዋ» ብላችሁ ግዴታን ትቀጥላላችሁ። ግሡ ራሱ አይለወጥም። እኔ በዚህች ብቻ ለሥራዬ የሚያስፈልገኝን ግማሽ ያህል ተናገርኩ። «ዠ ቬ ቩ ዛታንድር ኢሲ»፣ እዚህ እጠብቅዎታለሁ። ሹፌር ከዚህ የበለጠ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር የለም።

ሌላው ብልሃት እንግሊዝኛን መበዝበዝ ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ ወዲህ እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ የወሰደው ቃል እጅግ ብዙ ነው። ሪዘርቬሽን «ሬዜርቫሲዮን»፣ ኢንፎርሜሽን «ኤንፎርማሲዮን» ይሆናል። በ«ሽን» የሚያልቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ «ሲዮን» እያላችሁ ብትሞክሩ አብዛኛው ይሠራላችኋል። አንድ ቀን ሳታጠኑ ብዙ መቶ ቃል ኪሳችሁ ገባ ማለት ነው።

በጆሮ መጀመር ለፈረንሳይኛ በተለይ ይጠቅማል። የቋንቋው ጽሑፍና ንግግር አይተዋወቁም። እኔ እናገራለሁ «ዠ ፓርል»፣ እነሱ ይናገራሉ «ኢል ፓርል» ነው። ሲጻፉ መጨረሻቸው ላይ የተለያየ ፊደል ይደረደራል፣ ሲነገሩ ግን ግሡ ያው ነው። ከመጽሐፍ የጀመረ ሰው የማይነገሩትን ፊደላት ሁሉ ሲያነብ ይኖራል። ደግሞ ቃላቱ ይጣበቃሉ። «ሌ» እና «አሚ» አንድ ላይ ሲሆኑ «ሌ ዛሚ» ይባላል፣ ጓደኞቹ ማለት ነው። ያቺን «ዝ» በዓይን ከፈለጋችኋት አታገኟትም፣ በጆሮ ከጀመራችሁ ግን ገና ከመጀመሪያው አብራ ትገባለች።

እኛ ደግሞ የማናውቀው ጥቅም አለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ተማሪ የሚቸገርበት «ኝ» ለእኛ ምንም አይደለም፣ ተራራን «ሞንታኝ» ለማለት ልምምድ አያስፈልገንም። «ዠ»ም አለችን። ነገሮች ሁሉ ወንድና ሴት ናቸው ሲባልም አንደነግጥም። «ቩ» እና «ቱ»ን መለየት፣ ማለትም እርስዎና አንተ፣ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን በአንድ ቃል ያልቃል። የድሬ ልጅ ካልሆነ በስተቀር። እኛ ድሬዎች ሽማግሌውንም «አንተ» እያልን ስላደግን «ቩ» ማለት ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ነው አባባ የሚገቡት።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው። በድሮው ባቡር ድርጅት ደግሞ ለረጅም ዘመን የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ስለዚህ ከዚራ አካባቢ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ጋር ጠጋ ብትሉ፣ ፓሪስን ሳያዩ ጥርት ያለ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ታገኛላችሁ። አባባ አንዱ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ቡና ይዤ ሄጄ እቀመጣለሁ። ያን ቀን የሰማሁትን ትምህርት እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው አፌን ያርሙታል። ገንዘብ አይቀበሉም። ስኳር ወስጄ ተቆጥተውኛል።

የድምጽ ትምህርት የማይችለው አንድ ነገር አለ፣ አፍህን አያይም። «ቱ» ሲሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁሉ ማለት ነው፣ እሱ ቀላል ነው። አንተ የሚለው «ቱ» ግን በእኛ ፊደል አይጻፍም። ደጋግሜ ብሰማውም ልዩነቱ አልገባኝም ነበር። አባባ «ለፉጨት እንደምታሾለው አድርገህ ከንፈርህን ያዝ፣ ከዚያ ኢ በል» አሉኝ። ወጣ! «ር»ንም እንዲሁ። እኛ በምላስ ጫፍ እናርገበግባታለን፣ እነሱ ከጉሮሮ ያወጧታል። ጋይን የሚባለውን የዐረብኛ ፊደል የሚያውቅ ለስለስ አድርጎ ቢለው ደረሰባት። ድሬ ላይ ይህን የማያውቅ ስለሌለ እድለኞች ነን። በአፍንጫ የሚወጡት ድምጾች ግን እስካሁን ያሰቃዩኛል። ወይን ጠጅም ነፋስም በፊደላችን ቢጻፉ ሁለቱም «ቫን» ናቸው፣ አባባ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ይሰማሉ።

ከእሳቸው ያገኘሁት ሌላው ትልቅ ነገር ሰላምታ ነው። «ቦንዡር ሳትል ለፈረንሳይ ጥያቄ አትጠይቅ» ይላሉ። ሱቅ ስትገባም፣ መንገድ ስትጠይቅም መጀመሪያ «ቦንዡር ማዳም»፣ «ቦንዡር መስዩ» ነው። ሰላምታውን ዘለህ ወደ ጉዳይህ ከገባህ ፊታቸው ይጠቁራል። ለእኛ ይሄ ከባድ አይደለም፣ እንዲያውም የእነሱ ሰላምታ ከእኛው አንጻር አጭር ነው።

ቁጥርን በተመለከተ ላስጠንቅቃችሁ። እስከ 69 ድረስ ሰላም ነው። 70 ሲደርስ ስልሳ አስር ይሉታል። 80 አራት ሃያ ነው። 90 ደግሞ አራት ሃያ አስር። ዋጋ ስትነጋገሩ ሰውየው «ካትር» ብሎ ሲጀምር አራት መሰላችሁ እንዳትደሰቱ፣ ገና እየመጣ ነው። አንዲት የቤልጂየም እንግዳ «ኖናንት» ስትለኝ ግራ ገባኝ፣ ለካ ቤልጂየሞችና ስዊሶች 90ን በአንድ ቃል ይጠሩታል። ስልክ ቁጥርም ሁለት ሁለት አሃዝ አድርገው ስለሚነግሯችሁ ቁጥርን ለብቻው ብዙ ስሙ። በጆሮ ካልሆነ በምንም አይያዝም።

አሁን ስለ ላንጉዌጅ ትራንስፈር ጉድለት። ትምህርቱ እያቆማችሁ የምትመልሱት ስለሆነ እየነዱ ለመስማት አይሆንም። በደንገጎ ኩርባ ላይ ስልክ መነካካት ሞት ነው። እኔ የምሰማው ቆሜ እንግዳ ስጠብቅ ነው። የቱሪስት ሹፌር ደግሞ ከሚነዳው የሚጠብቀው ይበልጣል። ለመንዳት የሚሆነው ፒምስለር የሚባለው ሌላ የድምጽ ትምህርት ነው። እያንዳንዱ ትምህርት 30 ደቂቃ ነው፣ መልስ የምትሰጡበት ክፍት ቦታ እዚያው ቀረጻው ውስጥ አለ፣ ስለዚህ እጅ መሪ ላይ ዓይንም መንገድ ላይ ይሆናል። ፖል ፒምስለር የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንድን ቃል ከሰከንዶች በኋላ፣ ከዚያ ከደቂቃዎች በኋላ፣ ከዚያ ከቀናት በኋላ እየራቀ ይጠይቅሃል። ልትረሳው ስትል ይደርስብሃል። ችግሩ ዋጋው ነው። አሜሪካ ያላችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፣ ብዙዎቹ በነፃ ያውሱታል። እኔም የሰማሁት ዋሽንግተን ያለች እህቴ ለእረፍት መጥታ መኪናዬ ውስጥ ስትከፍተው ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ የማይሆንላችሁ ሰዎች በዚህ ባትጀምሩ ይሻላል። አዲስ አበባ ያላችሁ እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተው የፈረንሳይኛ ማስተማሪያው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ አለላችሁ፣ የእኛዋ ድሬም የራሷ አሊያንስ አላት። ክፍል ገብቶ መማር ለሚችል እሱ ጥሩ ነው። እኔ ሰዓቴ በእንግዳ እጅ ስለሆነ አልቻልኩም።

ሦስተኛው፣ ኮርሱ መግቢያ ነው። ሲያልቅ ዓረፍተ ነገር መገጣጠም ትችላላችሁ፣ ፈረንሳይ ሲያወራ ግን ፍጥነቱ ያልፋችኋል። ከዚያ ወዲያ እኔን የያዘኝ የፈረንሳዩ ሬዲዮ ኤርኤፍኢ የሚያቀርበው «ዡርናል አን ፍራንሴ ፋሲል» ነው፣ ቀለል ባለ ፈረንሳይኛ የሚቀርብ የ10 ደቂቃ ዜና። የሚነበበው ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ስለሚገኝ ያመለጣችሁን መፈለግ ትችላላችሁ። ለጀማሪ አይደለም፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከፍታችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ።

ምን ያህል ቻልክ ለሚለኝ፣ ፍልስፍና አላወራም። ግን ራምቦ ሙዚየም ደጃፍ ላይ ለእንግዶቼ ቤቱን የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ መሆኑን በራሳቸው ቋንቋ እነግራቸዋለሁ። «ራምቦ ና ፓ አቢቴ ኢሲ» ስላቸው፣ እዚህ አልኖረም ማለት ነው፣ አንዳንዶቹ ይከፋቸዋል፣ አንዳንዶቹ ይስቃሉ። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል፣ እኔም የምችለውን እመልሳለሁ፣ ያቃተኝን አስጎብኚው ያግዘኛል። ከኋላ ወንበር የሚወራውንም አሁን እሰማለሁ። በአብዛኛው ስለ ምሳ ነው።

ሚሃሊስን በአማርኛ አመሰግናለሁ፣ ያነበው ይሆናል ብዬ ሳይሆን መባል ስላለበት ነው። ሥራው የሚኖረው ሰዎች በሚልኩት ትንሽ ትንሽ መዋጮ ነው። እኔ ከዚህ መላክ ስለማልችል እህቴ በስሜ ትልክልኛለች። ውጭ ያላችሁና ኮርሱን የተጠቀማችሁ፣ አንድ ማኪያቶ ዋጋም ቢሆን ጣል አድርጉለት። ለአባባ ደግሞ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ለመጀመር የምትፈልጉ በስልካችሁ አፕ መደብር ላይ ላንጉዌጅ ትራንስፈር ብላችሁ ፈልጉ፣ ዩቲዩብ ላይም አለ። ዳታ እንዳይበላባችሁ ዋይፋይ ስታገኙ አንዴ አውርዱትና ያለ ኢንተርኔት ስሙት። ድሬ ያላችሁ አውርዱ ሲባል የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው የምቆመው፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናወርደዋለን።